«ፋቲግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ «ድካም» ማለት ይበቃል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ነርሷ ከሄርማታ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው እዚሁ ጅማ ከተማ በነርስነት ሲሆን፣ ከሥራዬ ጎን ለጎን ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ጥናት እያካሄድኩ ነው። ጥናቴ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚሰማቸውን ድካም የሚመለከት ስለሆነ፣ አዲስ መጠይቅ ከማዘጋጀት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሞ በብዙ አገር ሥራ ላይ የዋለውን የድካም ክብደት መለኪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ ወሰንኩ። መለኪያው 9 ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት፤ መልስ ሰጪው ያለፈውን አንድ ሳምንት እያሰበ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ያመለክታል። አጭር ስለሆነ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ በ9ኙም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ፋቲግ» የሚለው ቃል በስምነት ወይም በቅጽልነት መግባቱ ነው። እኔም ሳላመነታ በሁሉም ቦታ «ድካም» ብዬ ጻፍኩና ከዋናው ጥናት በፊት ለጥቂት ሰዎች አነበብኩላቸው። ከጎማ ወረዳ የመጡ ቡና የሚለቅሙ እናት «ድካም ሥራዬን ያስተጓጉልብኛል» የሚለውን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሥራዬ እኮ ራሱ ድካም ነው፤ ድካም ድካምን እንዴት ያስተጓጉላል?» አሉኝ። ቀጥሎ የጠየቅኋቸው አዛውንት ደግሞ «በቀላሉ ደካማ እሆናለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቅር አሰኛቸው፤ ልጆቻቸው በደንብ እንደሚጦሯቸውና የሰው እጅ የሚያዩ ደካማ እንዳልሆኑ በትሕትና አስረዱኝ። ሦስተኛው ሰው ሁሉንም ዐረፍተ ነገር በ7 መለሱልኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሐኪም «የልብ ድካም አለብዎት» እንዳላቸውና ጥያቄው ስለዚያ ሕመም መስሏቸው እንደነበረ ነገሩኝ።

እንግሊዝኛውን ያላየች ባልደረባዬ አማርኛውን መልሳ ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉምልኝ ደግሞ፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ጉልበት ማጣት»፣ ሌላው ላይ «ጥረት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ቃሉን በስልኬ ስፈልግ ስለ ወታደር ልብስ፣ ስለ ተሰበረ ብረት፣ ስለ ተሰላቹ ለጋሾች ሁሉ ሲነገርበት አገኘሁትና የባሰ ግራ ተጋባሁ። ይህ አንድ ቃል ነው ወይስ ብዙ? በአማርኛስ በ9ኙም ቦታ ሊገባልኝ የሚችል አንድ ቃል ይኖር ይሆን? ቋንቋ የምታውቁ፣ ሕክምና የምታውቁ፣ እባካችሁ አግዙኝ።


መልስ 1፦ የአማርኛ መምህር፣ ጂሬን

እኅቴ፣ ሦስቱም መልስ ሰጪዎችዎ የተናገሩት ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ የተሳሳተው መጠይቁ ነው። «ድካም» በቋንቋችን ቢያንስ ሦስት ነገር ተሸክሞ የሚዞር ስም ነው። አንደኛው ልፋት ነው፤ «ስለ ድካማችሁ እናመሰግናለን» ስንል ሰዎቹ ዛሉ ማለታችን ሳይሆን ለፉልን ማለታችን ነው፣ «ደክማ አሳደገችኝ» የሚል ልጅም እናቱን እያመሰገነ እንጂ እያዘነላት አይደለም። ሁለተኛው አቅመ ቢስነት ነው፤ «አባባ ደክመዋል» ማለት አርጅተዋል፣ ከቤት መውጣት ትተዋል ማለት ነው፣ «ደካማ» ደግሞ ጧሪ የሌለውን ችግረኛም ይጨምራል፤ አዛውንቱ ቅር የተሰኙትም ለዚህ ነው። ሦስተኛው እርስዎ የፈለጉት ስሜት ነው፤ ይኸውም ከሦስቱ ሁሉ በስምነት ብዙ የማይነገረው ነው። አማርኛ ይህን ስሜት በስም አይናገረውም፤ በግስ ነው የሚናገረው።

ይህን ለማየት «ደከምኩ» እና «ደከመኝ» የሚሉትን ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል። «ደከምኩ» ሲባል ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ለፋሁ ወይም አቅሜ እያነሰ ሄደ ማለት ነው፣ ለዚህም ነው «ብዙ ደከምኩበት፣ ግን አልሆነም» የምንለው። «ደከመኝ» ሲባል ግን እኔ ተሳቢ ነኝ፤ እንደ ራበኝ፣ እንደ ጠማኝ፣ እንደ በረደኝ ሁሉ ነገሩ ከእኔ ፈቃድ ውጭ መጥቶ ያዘኝ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያደረገውንና አንድን ሰው ያገኘውን እንዲህ አድርጎ በሁለት ፊደል ብቻ የሚለይ ግስ እያለን፣ ሁለቱንም አደባልቆ የሚይዘውን ስም መምረጥ በገዛ እጅ ችግር መፍጠር ነው።

ከሁለቱም ይልቅ ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ግን ሦስተኛው አነጋገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም «ድክም ይለኛል» የሚለው ነው። ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ «ደከመኝ» ይላል፤ ምክንያቱ ይታወቃልና ማንም ምን ሆነህ አይለውም። ያው ገበሬ አንድ ቀን «ሰሞኑን ድክም ድክም ይለኛል» ካለ ግን ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ሐኪም ቤት ሂድ ይለዋል። ሥራ ሳይሠሩ የሚመጣ፣ ተመላልሶ የሚመጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መሆኑን አነጋገሩ ራሱ ይናገራል። በሽተኛ ሐኪም ፊት ቀርቦ የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ «ድካም አለብኝ» የሚለው አባባል በአብዛኛው ከጽሑፍ የመጣ ይመስለኛል።

ሌሎቹን ዘመዶቹን በአጭሩ ላንሣ። «ዛለ» የሚባለው ይበልጡን ስለ አካል ክፍል ነው፤ ክንድ ይዝላል፣ እግር ይዝላል፣ ሸክም የተሸከመ ሰው እጁ ዛለ ማለት ከዚህ በላይ መያዝ አቃተው ማለት ነው። «ሰለቸኝ» ፍላጎት ሲያልቅ ነው፤ ሰው የሚወደው ምግብ እንኳን ይሰለቸዋል። «ታከተኝ» ግን ጠለቅ ያለ ነው፣ ከነገሩ መደጋገም የተነሣ ፍላጎትም ጉልበትም አብረው ሲያልቁ የሚባል ነው፤ ለረጅም ዓመት በሽተኛ ያስታመመ ሰው ማስታመም ሰለቸኝ ለማለት ያፍራል፣ ታከተኝ ቢል ግን ማንም አይፈርድበትም።


መልስ 2፦ እንግሊዝኛ አስተማሪ

የተከበሩት መምህር ያሉትን እያደነቅሁ ከእንግሊዝኛው ወገን ጥቂት ልጨምር፤ ጠያቂዋ አንድ ቃል ነው ወይስ ብዙ ብለዋልና። ቃሉ አንድ ነው። ሥሩ ማድከም የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ በኩል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የሚገርመው ግን እንደ እኛው «ድካም» እርሱም በጥንት አጠቃቀሙ ልፋትን ጭምር ይዞ መኖሩ ነው፤ በድሮ ጽሑፎች «የጉዞው ፋቲጎች» ተብሎ በብዙ ቁጥር ሲገኝ የጉዞውን እንግልትና ልፋት ማለት ነው። ጣሊያንኛውም «ፋቲካ» እስከ ዛሬ ዋና ትርጉሙ ልፋት ነው። ስለዚህ ቡና ለቃሚዋ እናት ያሉት ነገር ለጥንት እንግሊዝ እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

የወታደሩም ነገር የመጣው ከዚሁ ከልፋቱ ትርጉም ነው። በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ የማይያዝበት ሥራ፣ ለምሳሌ ጉድጓድ መቆፈር፣ ሰፈር ማጽዳት፣ ማዕድ ቤት ማገዝ፣ «ፋቲግ» ተባለ። ከዚያም ለዚህ ሥራ የሚለበሰው ተራ ልብስ የሥራውን ስም ወረሰ፤ ዛሬ በብዙ ቁጥር «ፋቲግስ» ሲባል የወታደር የሥራ ወይም የሜዳ ልብስ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ አንድ ወታደር «ፋቲግስ ለብሶ መጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ድካም እንዴት ይለበሳል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ጠይቆኛል።

በዕለት ተዕለት ንግግር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሥራ ሲመለስ የሚለው «ታየርድ» ነው። «ፋቲግ» ክብደት ያለው ቃል ስለሆነ የሚገኘው በሐኪም ማስታወሻ፣ በአደጋ ምርመራ ዘገባ፣ በመድኃኒት ወረቀት ላይ ነው። «ታየርድ» ላይ «ኦፍ» የሚለው መስተዋድድ ሲጨመር ደግሞ ትርጉሙ ወደ ሰለቸኝ ይዞራል። ተማሪዎቻችን «አይ አም ፋቲግ» የሚሉት ስሕተት ነው፤ «ፋቲግ» ስም ነው፣ ቅጽሉ መጨረሻው ላይ «ዲ» የሚጨመርበት «ፋቲግድ» ነው። ንባቡም ያስቸግራል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት «ዩ» እና «ኢ» አይነበቡም፣ ድምፅ የሚጠነክረውም ሁለተኛው ክፍለ ቃል «ቲ» ላይ ነው። «ሊግ» የሚለውን የእግር ኳስ ቃል የሚያውቅ ተማሪ በዚያው ልክ ማንበብ ይችላል፤ አጻጻፋቸው መጨረሻው ላይ አንድ ነውና።

አንድ ነገር ግን መምህሩን የሚያስደስት አለኝ። ከዚሁ ሥር የተገኘ «ኢንዲፋቲጋብል» የሚባል ረጅም ቅጽል አለ፤ ትርጉሙ በአማርኛ «የማይታክት» ነው፣ ሌላ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም። «ያለ መታከት አስተማረ» ስንል ውዳሴ ነው፤ «ያለ ድካም ሀብታም ሆነ» ስንል ግን ሳይለፋ አገኘው ማለታችን ነውና ሐሜት ይሆናል። እኔ ስለዚህ «መታከት» ከ«ድካም» ይልቅ ለ«ፋቲግ» ይቀርባል እላለሁ።


መልስ 3፦ ጡረታ የወጣሁ ወታደር

ስለ ወታደሩ የተባለው እውነት መሆኑን ለመመስከር ያህል ነው። እኛ ቃሉን በእንግሊዝኛ ባንጠራውም ነገሩን እናውቀዋለን፤ ተራ የደረሰው ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ ምሽግ ሲያስተካክል ይውል ነበር። ከዘብ ይልቅ ያ ሥራ ይሻለኛል የሚሉ ነበሩ፣ እኔ ግን ዘቡን እመርጥ ነበር።


መልስ 4፦ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር፣ ኪቶ ፉርዲሳ

ወንድሜ የእንግሊዝኛ አስተማሪው «መታከት» ያሉትን ለሰው እቀበላለሁ፤ ለእኔ ሙያ ግን አይሆንም፣ ብረት ታከተው ልንል ነው እንዴ? የብረቱ «ፋቲግ» ከሰውየው የተለየ ሆኖ ስለሚታይ ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ለእኅታችንም የሚጠቅም ነጥብ ከውስጡ የሚገኝ ይመስለኛል።

በጅማና በአጋሮ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ አንድ ቀን ድንገት ይሰበራል። ሹፌሩ የሚምለው ከትናንቱ ጭነት የበለጠ እንዳልጫነ ነው፤ እውነቱንም ነው። ብረቱ ያንን ጭነት አንድ ጊዜ ቢሸከም ምንም አይሆንም ነበር። ነገር ግን መኪናው በጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር ባሌስትራው ይተጣጠፋል፣ ይመለሳል፤ ይህ መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ጫፍ ላይ ወይም ጭረት ባለበት ቦታ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል፣ ስንጥቁም በእያንዳንዱ መተጣጠፍ ትንሽ ትንሽ እየሄደ የቀረው ጤነኛ ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ቅጽበት ይበጠሳል። የተሰበረውን ቁራጭ ጋራዥ ውስጥ አንሥታችሁ ብታዩት፣ ቀስ ብሎ የተሰነጠቀው ክፍል ለስላሳ ሆኖ እንደ ዛጎል ጀርባ መስመር መስመር አለው፤ በመጨረሻው ቅጽበት የተበጠሰው ክፍል ደግሞ ሻካራ ነው። እኛ «ፋቲግ» የምንለው ይህንን ነው።

ቃሉ ወደ ብረት የተሻገረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የባቡር ዘመን በጀመረ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ፈረንሳይ ውስጥ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የመንኮራኩሩ ዘንግ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ብረት ለምን ይሰበራል የሚለው ጥያቄ መሐንዲሶችን እንቅልፍ ነሣቸው፤ ጀርመናዊው አውጉስት ቬለርም የባቡር ዘንጎችን በማሽን እያሽከረከረ በስንት ዙር እንደሚሰበሩ ለዓመታት መዘገበ። ብረት ከተወሰነ ጭነት በታች ከሆነ ስንት ጊዜም ቢደጋገምበት እንደማይሰበር የታወቀው ከእርሱ ሥራ ነው። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም፤ ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም ከተደጋገመ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች ሁለቱ በሦስት ወር ልዩነት ሰማይ ላይ የተበታተኑትም፣ በየበረራው ውስጣቸው በአየር ግፊት እየተነፋና እየተመለሰ የአሉሚኒየም ቆዳቸው በዚሁ መንገድ ስለተሰነጠቀ ነው።

ለእኅታችን ይጠቅማል ያልኩት ነጥብ ይህ ነው፦ በብረት ላይ «ፋቲግ» የሚባለው ከጭነቱ ትልቅነት ሳይሆን ከመደጋገሙ የሚመጣው ጉዳት ነው፣ በእረፍትም አይድንም። ባሌስትራውን አውልቃችሁ አንድ ዓመት ብታስቀምጡት ስንጥቁ እዚያው ነው። ክፍል ውስጥ ስናስተምር ቃሉን እንዳለ «ፋቲግ» ብለን እናልፈዋለን፤ በአማርኛ ጻፍ ብባል ግን «የብረት ዝለት» እላለሁ። መምህር እንዳሉት የዛለ ክንድ ሸክሙን የሚጥለው ሸክሙ ስለ ከበደ ሳይሆን ስለ ቆየ ነውና። የዛለ ክንድ ሲያርፍ መዳኑ ግን ያስቸግረኛል፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ያለው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


መልስ 5፦ የአማርኛ መምህር፣ ጂሬን

ለብረቱ «ዝለት» ይሁን፤ እኔም አልቃወምም። ያልታረሰበት ጊዜ የሌለው መሬት «ደከመ» ይባላልና «ድካም» ሕይወት ለሌለውም ይነገራል፤ ነገር ግን የደከመ መሬት ጦም ሲያድር ያገግማል፣ የእርስዎ ብረት ደግሞ አያገግምም። «መታከት» ለ9ኙ ዐረፍተ ነገሮች ይሁን የሚለውን ግን አልቀበልም። «ታከተኝ» የሚል በሽተኛ ኑሮ መረረኝ እያለ ሊሆን ይችላል፤ እኅታችን የሚለኩት የሰውነት ድካም ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ተስፋ የመቁረጣቸውን መጠን ይሰጧቸዋል።


መልስ 6፦ ጠቅላላ ሐኪም

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ በሕክምናም ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ድብርትና ድካም በመጠይቅ ላይ በቀላሉ ይቀላቀላሉ። በተመላላሽ ክፍል አንድ ሰው «ይደክመኛል» ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገው ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነው። አንዱ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረኝ ማለቱ ነው፣ ሌላው ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ማለቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ እጄን ማንሣት አቃተኝ ማለቱ ነው፣ አንዳንዱም ምንም ነገር ደስ አይለኝም ማለቱ ነው። በሕክምና ቋንቋ «ፋቲግ» ከእነዚህ ከአራቱም የተለየ ነው፤ አንድን ነገር ለመጀመርና ለመጨረስ የሚሆን ኃይል የማጣት ስሜት ነው። ከበስተጀርባው የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ሳምባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ በቂ ሆርሞን አለማመንጨት፣ ወይም ድብርት ሊኖር ይችላልና ትርጉሙን አለመለየት ምርመራውንም ያሳስታል።

«የልብ ድካም» የሚለው ስያሜ እኔንም ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። በሽታው ልብ ደምን እንደሚገባ መርጨት የማቃቱ ነገር ሲሆን፣ ስሙን የሰሙ ሰዎች ግን ልቤ ደክሞታልና ካረፍኩ ይሻለዋል ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ። ስለዚህ በመጠይቁ ላይ «ድካም» የሚለውን ስም ከልብ ሕሙማን ፊት ማራቅዎ ተገቢ ነው።

በእንግሊዝኛም ቢሆን ቃሉ ያጣላል። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ በእንቅልፍ የማይታደስ፣ ከትንሽ እንቅስቃሴ በኋላ የሚብስና ሰውን ከአልጋ የሚያውል ሕመም እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ቃል ሲሰየም፣ ሕሙማኑ «ሁሉም ሰው ይደክመዋል» እየተባልን ሕመማችን ተናቀ ብለው አምርረው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያቋቋመው ኮሚቴም ስሙ የሕመሙን ክብደት እንደሚያሳንስ ተቀብሎ «ፋቲግ» የሌለበት ሌላ ስም ሐሳብ አቀረበ፤ አሮጌው ስም ግን እስካሁን አልጠፋም።

ለለጋሾቹና ለመሳሰሉት አንድ ቃል አይፈለግ፤ እንደ ነገሩ ይተርጎም። የለጋሾቹን «የለጋሾች መሰላቸት» ብለው ቢተረጉሙት ያስኬዳል። ብዙ ሥቃይ ያየች ነርስ ማዘን ሲያቅታት የሚባለው ግን መሰላቸት አይደለም፤ እኔ «ከማዘን ብዛት መታከት» እለዋለሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የማሽኖቹ ጩኸት ሲበዛ ባለሙያው መስማት የሚተውበትን «ጩኸቱን ጆሮ መልመዱ» ብንል ይገባል፤ እዚያ ላይ ደክሞት የሚተኛ ሰው የለም።

ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በዙሪያችን የቡና ለቀማ ነው፤ ያለፈውን ሳምንት የሚጠይቅ መለኪያ በዚያ ወቅት ከተሞላ የበሽታውን ሳይሆን የለቀማውን ድካም ይዘው ይመለሳሉ፣ ስለዚህ ወቅቱን ቢያንስ ይመዝግቡ። ሁለተኛው፣ ከሕሙማንዎ ብዙዎቹ አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ ነው። በዚያ ቋንቋ «ደደቤ» ማለት ደከመኝ ማለትም ነው፣ አቃተኝ ማለትም ነው፤ አማርኛውን በልባቸው እየተረጎሙ የሚመልሱ ሰዎች «ድካም» ሲሉ አለመቻልን እያሰቡ ሊሆን ይችላል። የኦሮምኛው ቅጂ ከአማርኛው ሳይሆን በቀጥታ ከእንግሊዝኛው ይመለስ።


መልስ 7፦ ነርሷ ከሄርማታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት ምክራችሁን ሞክሬ ስለነበረ ነው። ስሙን በተቻለ መጠን አውጥቼ በግስ ተካሁት። «ድካም ሥራዬን ያስተጓጉልብኛል» የነበረው «ድክም ስለሚለኝ ሥራዬን እንደሚገባ መሥራት አልችልም» ሆነ፤ «በቀላሉ ደካማ እሆናለሁ» የነበረው ደግሞ «ትንሽ ነገር ሠርቼ ቶሎ ይደክመኛል» ሆነ። ባልደረባዬ እንደገና መልሳ ስትተረጉም 7ቱ ላይ ያለ ምንም ማቅማማት ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈች። ከአዲስ መልስ ሰጪዎች ጋር ስሞክረውም፣ አንዲት እናት ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ «ድክም ሲለኝማ እንጀራ መጋገሩን ትቼ ምጣዱ ሥር እቀመጣለሁ» ብለው ራሳቸው ቀጠሉት።

ሁለቱ ግን አልተሳኩልኝም። አንደኛው የአካል እንቅስቃሴ ድካም እንደሚያመጣ የሚናገረው ነው፤ «ስፖርት» ስል ሰዎቹ ይስቃሉ፣ «ሥራ» ስል ደግሞ ትርጉሙ ወደ ልፋት ይመለስብኛል። ለጊዜው «ሰውነቴን ሳንቀሳቅስ ድክም ይለኛል» ብዬዋለሁ። ሌላው ከሚያስቸግሩኝ ሦስት ዋና ዋና የሕመም ስሜቶች ድካም አንዱ ነው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ስም ሳይገባ ዐረፍተ ነገሩ አይቆምም፣ «ድክም ማለት» ብዬ ስጽፈው ባልደረባዬ የፊደል ግድፈት መሰላት። የመጠይቁንም ርእስ ምን እንደምለው አላወቅሁም።


መልስ 8፦ የአማርኛ መምህር፣ ጂሬን

ለርእሱ «ድካም» ይሁን፤ ርእሱ ላይ ማንም ቁጥር አይሰጥበትም። ስም ለሚፈልገው ዐረፍተ ነገር «ድክም የሚለኝ ነገር» ብለው ይሞክሩት፤ «በጣም ከሚያስቸግሩኝ ሦስት ነገሮች አንዱ ይህ ድክም የሚለኝ ነገር ነው።» ጽሑፍ ላይ ላላ ያለ ይመስላል፣ ጮክ ብለው ሲያነቡት ግን ሰው የሚናገረው ነው፤ እርስዎም የሚያነቡላቸው ጮክ ብለው ነው። ያንኑ ለእነዚያ ለቡና ለቃሚዋ እናት መጀመሪያ ያንብቡላቸው።